ከጓሮ ጥያቄዎች፦ ውኃ ሲያጥር አትክልቱን እንዴት እናጠጣ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ውኃ የሚጠይቁ ናቸው። የበጋው ፀሐይ ከርሯል፣ በልግ የሚጠብቁ አካባቢዎች ዓይናቸውን ከደመናው አልነቀሉም፣ በከተሞችም የቧንቧው ፈረቃ ተራርቋል። ጥያቄዎቹ ከተለያየ ቦታና ከተለያየ አፈር የመጡ ስለሆኑ መልሱ ለሁሉም አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የተወሰኑትን መርጬ እያንዳንዱን በየቦታው ሁኔታ ለመመለስ ሞክሬአለሁ፤ ረዘም ያለ ማብራሪያ የሚፈልገውን አስቀድሜአለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ ነው። በግቢዬ 12 ካሬ ሜትር የሚሆን መደብ አለኝ፤ ጎመን፣ ቆስጣና ቲማቲም ተክዬበታለሁ። ውኃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ በጀሪካን እያጠራቀምኩ ማታ ማታ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አርከፈክፋለሁ። ይሁን እንጂ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቋል፣ ጎመኑ ቀን ቀን ይጠወልጋል፣ የቲማቲሙም ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ ይበላሻል። ምን ያህል ውኃ ነው የሚያስፈልገው? — አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ወደ ቁጥሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ ልለምንዎ። ዛሬ ማታ እንደ ልማድዎ ካጠጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው፣ ክንድ የሚያህል ቀጭን እንጨት ወይም የብረት ዘንግ መደቡ ላይ ይስኩ። የራሰ አፈር እንጨቱን በቀላሉ ያሳልፈዋል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ይገታል። እንደ ገለጹልኝ ከሆነ እንጨቱ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ አይዘልቅም። የጎመኑ ሥር ግን 30 እና 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይወርዳል። በየማታው የሚያርከፈክፉት ውኃ ላዩን ብቻ ያርስና በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይና ነፋስ ይወስዱታል፤ ተክሉ የሚደርሰው በጣም ጥቂቱ ነው። ይህ ሲደጋገም ደግሞ ሥሩ እርጥበት ወዳለበት ወደ ላይ ስለሚያደላ፣ ውኃው አንድ ቀን በቀረ ቁጥር ተክሉ ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ይጎዳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እኩል ቢፈስስ ከፍታው 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የዝናብ መጠንም የሚለካው በዚሁ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ መካከለኛ ሙቀት፣ በደረቅ ወቅት፣ በደንብ የሸፈነ የአትክልት መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር በካሬ ሜትር ይጠጣል። ዝቅተኛውን ብንወስድ የእርስዎ 12 ካሬ ሜትር በቀን 48፣ በሳምንት 336 ሊትር ይፈልጋል፤ ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 17 ጀሪካን ያህል ነው። ይህን ያህል ውኃ ለጓሮ መተው የማይቻል ከሆነ፣ መደቡን ማሳነስ ሁሉንም በጥም ከማቆየት ይሻላል። በሳምንት 8 ጀሪካን ብቻ የሚያገኝ ሰው 6 ካሬ ሜትር በአግባቡ ማልማት ይችላል፤ ከተጠማ 12 ካሬ ሜትር የበለጠ ጎመን የሚቀጥፈውም ከዚህ ነው።

ስለ ፈረቃው ብዙ አይዘኑ፤ ጥቁር አፈር በዚህ ረገድ ወዳጅዎ ነውና። እንዲህ ዓይነቱ አፈር በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ብቻ ተክል ሊጠቀምበት የሚችል 50 ሊትር ያህል ውኃ በካሬ ሜትር ይይዛል። ተክሉ ሳይጎዳ ከዚህ ግማሹን፣ ማለትም 25 ሊትር ያህሉን ሊስብ ይችላል፤ ይህም በቀን 4 ሊትር ሲሰላ ለስድስት ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ውኃ በመጣ ቀን፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ12 እስከ 16 ሊትር አጥግበው ቢያጠጡና በመካከሉ ባያርከፈክፉ ተክሉ ምንም አይጎድልበትም።

ችግሩ ያለው ስንጥቁ ላይ ነው። የጥቁር አፈር ስንጥቅ እንደ አሸንዳ ነው፤ ያፈሰሱትን ውኃ ሥሩን አሳልፎ ወደ ታች ይወስደዋል። በመጀመሪያ መደቡን በጥቂት ውኃ አርሰው ሩብ ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ አፈሩ ሲያብጥ ስንጥቁ ይጠባል። ከዚያም ላዩን በመኮትኮቻ ቀስ ብለው አላልተው፣ ስንጥቁን በላመ አፈርና በብስባሽ ይሙሉት። ዋናውን ውኃ ከዚህ በኋላ፣ በተክሉ እግር፣ በሁለት ዙር ቀስ እያሉ ያፍስሱ። ሲጨርሱ ደግሞ መደቡን ያልብሱት። የጤፍ ጭድ፣ የደረቀ ሳር፣ ለበዓል ጎዝጉዘውት የደረቀ ቄጠማ ሁሉ ይሆናል፤ ውፍረቱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የተክሉን ግንድ ግን አይንካ። ለምርጫ ብገደድና ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ይያዙ ብባል የምመርጠው ይህን ጉዝጓዝ ነው። አፈሩን ከፀሐይና ከነፋስ ይጋርደዋል፣ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል፣ ሲበሰብስም መልሶ ይመግበዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይጠቀሙ፤ ከውስጡ የሚወጣው ነገር የሌላውን ተክል እድገት ይገታል።

የቲማቲሙን መጥቆር በተመለከተ፣ ከአበባው ወገን ያለው የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ሲጎደጉድ በሽታ አይደለምና መድኃኒት አይግዙለት። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውኃ ጋር ተጉዞ ስለሆነ፣ ውኃው አንድ ጊዜ በርክቶ ሌላ ጊዜ ሲቋረጥ ፍሬው ካልሲየም ይጎድለዋል። አጠጣጡ ሲስተካከል የሚቀጥለው ፍሬ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ጎመኑም በቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ቢጥል አይደንግጡ፤ ማታ ቀና ካለ ደኅና ነው፤ የተጠማ መሆኑን የሚያውቁት ጠዋት ሲነሡ ጠውልጎ ካገኙት ነው። ለማጠጣት ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ፀሐይ ሳትወጣ ማለዳ ነው። ማታም ይቻላል፤ ቅጠሉ ርሶ ካደረ ግን የሻጋታ በሽታ ስለሚጋብዝ፣ በተለይ ለቲማቲምና ለድንች ውኃው ከእግሩ ብቻ ይፍሰስ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ግቢዬ ውስጥ ከበርሜል የሚነሣ የፕላስቲክ ቱቦ ዘርግቼ፣ በጋለ መርፌ እየበሳሁ የራሴን የጠብታ መስኖ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ላይ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ግማሹ ቀዳዳ ነጭ ነገር ይዞት ተዘጋ። በበርሜሉ ውስጥም ትንንሽ ትሎች ሲዋኙ አየሁ። አፈሩ አሸዋማ ነው፤ መደቡ 10 ካሬ ሜትር ይሆናል። — አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ሁለቱም ችግሮች መልስ አላቸው፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ስለሚያሳስበኝ ከእርሱ ልጀምር። በበርሜሉ ያዩዋቸው የትንኝ እጮች ናቸው። ከእስያ ወደ አገራችን የገባችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ የምትራባው፣ ረግረግና ኩሬ ሳትፈልግ፣ ሰው ለቤቱ ባጠራቀመው ውኃ ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በከተማችሁ፣ ያውም በደረቁ ወቅት፣ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከዚህችው ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ሌላዋ ትንኝም እንዲሁ በርሜልና ጀሪካን ትወዳለች። ስለዚህ የበርሜሉን አፍ በማያፈናፍን ክዳን፣ ከክዳኑ ሥርም በጥቅጥቅ መረብ ይሸፍኑ፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ውኃውን ለአትክልቱ አፍስሰው ጨርሰው የበርሜሉን ግድግዳ በብሩሽ ይፈትጉ፤ የዚህችኛዋ ትንኝ እንቁላል የሚጣበቀው እዚያ ነውና። እጩ ትንኝ ሆኖ ለመብረር አንድ ሳምንት ያህልና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት፣ በየሳምንቱ የሚታጠብ በርሜል ትንኝ አያሳድግም።

ወደ ቱቦው ስንመለስ፣ ነጩ ነገር በማንቆርቆሪያዎ ሥር የሚጋገረው ኖራ ነው። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ከባድ ነው፤ በቀዳዳው አፍ ላይ የቀረው ጠብታ ሲተን ኖራው እዚያው ይቀራል። በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ ደግሞ በጣም ጠባብ ስለሆነ ለመዘጋት ጥቂት ይበቃዋል። ዘመናዊውን የጠብታ መስኖ በእስራኤል የኔጌቭ በረሃ ያስጀመሩት ሰዎች በ1965 እ.ኤ.አ. የፈቱት እንቆቅልሽ ይኸው ነበር፤ ቀዳዳውን በማጥበብ ፈንታ ውኃው በሰፊ ነገር ግን በተጠማዘዘ ረጅም መንገድ እንዲያልፍ አደረጉት፣ በመንገዱም ኃይሉ እየቀነሰ በጠብታ ይወጣል። በገበያ የሚሸጡት ማንጠብጠቢያዎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ስለሆኑ፣ አቅም ከፈቀደ እነርሱን መግዛት ያዋጣል። እስከዚያው ግን የተዘጉትን ቁርጥራጮች አውጥተው በአቸቶ ውስጥ ያሳድሩ፤ ኖራው ይሟሟል። የቱቦውን መጨረሻ በየሁለት ሳምንቱ ከፍተው ውኃው በኃይል እንዲያጥበው ያድርጉ፣ ከበርሜሉ መውጫ ላይም ማጣሪያ ጨርቅ ይሰሩ። ቱቦውን በጉዝጓዝ ሥር ቢዘረጉት ቀዳዳው አፍ ላይ የሚተነው ስለሚቀንስ ኖራውም ይዘገያል።

በርሜሉ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ካለ፣ ቱቦው ከ10 ወይም ከ15 ሜትር ካልበለጠ፣ ውኃው እስከ መጨረሻው በተቀራራቢ መጠን ይደርሳል። የድሬዳዋ ሙቀት መደብዎን በቀን እስከ 6 ሊትር በካሬ ሜትር ያስጠጣዋል፤ ስለዚህ 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ለ10 ካሬ ሜትርዎ ሦስት ቀን ያህል ያገለግላል። ለአዲስ አበባዋ እናታችን የሰጠሁትን የሦስትና የአራት ቀን ልዩነት ግን እርስዎ እንዳይከተሉት፤ አሸዋማ አፈር የሚይዘው ውኃ ከጥቁሩ አፈር ግማሽም ላይደርስ ይችላል። የእርስዎ ተክል በየቀኑ፣ ቢበዛ በየሁለት ቀኑ፣ በልኩ መጠጣት አለበት፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ቢያፈሱ ከሥሩ በታች ሰርጎ ይጠፋል። ብስባሽ በየወቅቱ እየጨመሩ ሲሄዱ ይህ ልዩነት እየጠበበ ይመጣል።

ጥያቄ፦ አያቴ ደረቅ ዓመት ሲሆን አሮጌ እንስራ ከቃሪያው መካከል ቀብራ ውኃ ትሞላበት እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ትንሽ ጓሮ አለኝና ልሞክረው አስቤ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ግን የማይረባ የጥንት ልማድ ነው ይሉኛል። እውነት ይሠራል? — አንዲት አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ይሠራል፣ ውድ እህታችን፤ አያትዎም ትክክል ነበሩ። የሸክላ ዕቃ በምድር ቀብሮ ማጠጣት በቻይና ከ2000 ዓመታት በፊት ይሠራበት እንደነበር ተጽፎ ይገኛል፤ ዛሬም በብዙ ደረቅ አገሮች የሚመከር ዘዴ ነው። አሠራሩን ስንመለከተው ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። የሸክላው ግድግዳ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በዙሪያው ያለው አፈር ሲደርቅ በእነዚያ ቀዳዳዎች ውኃውን ወደ ራሱ ይስባል፤ አፈሩ ሲርስ መሳቡን ያቆማል። ስለዚህ ተክሉ የሚያገኘው በጠማው ልክ ነው፤ የአፈሩ ገጽ ደረቅ ስለሚሆን በትነት የሚጠፋው ውኃ ጥቂት ነው፣ አረሙም ብዙ አይበቅልም።

የሚሳካው ግን ዕቃው ትክክለኛ ሲሆን ነው፤ ብዙ ሰዎች ሞክረው የተዉትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዘይትም ሆነ በሌላ ነገር የተሟሸ እንስራ ወይም ማሰሮ ቀዳዳው ስለተደፈነ አያጠጣም። የአያትዎ እንስራ ለውኃ ብቻ ያገለገለ፣ ያልተሟሸ ስለነበረ ነው የሠራላቸው። ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄደው ያልተሟሸውን፣ ያልተቀባውን፣ ከ5 እስከ 8 ሊትር የሚይዘውን ይምረጡ። ውኃ ሞልተው በጥላ ሥር ያሳድሩት፤ ጠዋት ውጪው እንደ ላብ ወርዝቶ ካገኙት ይሆንልዎታል፤ ደረቅ ከሆነ ይመልሱት። አንገቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከመሬት በላይ እንዲቀር አድርገው ይቅበሩት፣ ዙሪያውን ብስባሽ በተቀላቀለበት አፈር በደንብ ጠቅጥቀው ይሙሉ፤ በአፈሩና በሸክላው መካከል ክፍተት ከቀረ ውኃው አይሳብም። ችግኞቹን ከግድግዳው ከአንድ ስንዝር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት ዙሪያውን ይትከሉ፤ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ዱባ፣ ሐብሐብ ይስማሙታል። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በሰባራ ሸክላ ይክደኑ። ግማሹ ሲጎድል ይሙሉት፤ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ከተዉት በውስጡ የሚቀረው ጨውና ደለል ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ችግኝ በተተከለበት ሳምንት ሥሩ ገና አጭር ስለሆነ ከላይም ትንሽ ያጠጡት።

ጎረቤቶችዎ ፊት ማስረጃ ማቅረብ ከፈለጉ፣ አንዱን ማዕዘን በእንስራ፣ ሌላውን በእጅ እያጠጡ የሁለቱን ጀሪካን ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። ወንዙ ደርቆ አያውቅም፤ ጎረቤቶቻችን ሰላጣና ቆስጣ ያጠጡበታል። እኔስ ልጠቀምበት? ካልሆነስ የልብስና የዕቃ እጥበት ውኃ ይሆናል? — አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ አባታችን፣ የወንዙን ውኃ በሚበላ አትክልት ላይ አያድርጉ። ወደ አቃቂ የሚወርዱት የከተማችን ወንዞች የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው የሚጓዙ ናቸው፤ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ በውኃው ያለውን ከባድ ብረት፣ ማለትም መርዛማውን የብረት ዓይነት፣ በቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል። ጀርሙ ሲበስል ይሞታል፤ ብረቱ ግን በመቀቀልም ሆነ በማጠብ አይወጣም። ይህን የምለው በወንዞቹ ዳር አትክልት እያመረቱ የሚኖሩትን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ ሌላ ውኃ ቢያገኙ እነርሱም ይመርጡት ነበር።

የቤትዎ እጥበት ውኃ ግን እንደየዓይነቱ ያገለግላል። ጤፍ፣ ሩዝ፣ ምስርና አትክልት የታጠበበት ውኃ ያለ ምንም ሥጋት ለማንኛውም ተክል ይሆናል። ከልብስ እጥበት የመጀመሪያውን፣ ሳሙና የበዛበትን ትተው የማለቅለቂያውን ይውሰዱ፤ የዱቄት ሳሙና ሶዲየም ስላለበት ሲደጋገም አፈሩን ያደድረዋል። በረኪና የገባበትን፣ ቅባት የበዛበትን የዕቃ እጥበት፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበትን ፈጽመው አይጠቀሙ። የማለቅለቂያውንም ውኃ ለፍራፍሬ ዛፍ፣ ለጌሾና ለአበባ ከእግራቸው ያፍስሱ እንጂ እንደ ሰላጣና ካሮት ጥሬ በሚበሉት ላይ አያድርጉት። በተጠራቀመበት ቀን ይጠቀሙበት፤ ካደረ ይሸታል። በወር አንድ ጊዜም ያንኑ ቦታ በንጹሕ ውኃ አጥግበው ያጠቡት።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ቤቴ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ አለኝ። በበጋ አልፎ አልፎ ለሚጥለው ዝናብ ብዬ አሸንዳና ሮቶ ማስገባት ትርፍ አለው? — አንድ አንባቢ

መልስ፦ አለው። ዝናቡን በሚሊ ሜትር በጣሪያው ስፋት ያባዙ፣ በአሸንዳው ለሚፈሰውና ለሚረጨው አንድ አምስተኛውን ይቀንሱ። አንድ ከሰዓት በኋላ 10 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 400 ሊትር ጣሪያዎ ላይ ያርፋል፣ 320 ያህሉ ይጠራቀማል፤ ይህም 16 ጀሪካን ነው። ከደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው ዝናብ መጀመሪያ የሚያወርደው የአቧራና የወፍ ኩስ እጥበት ስለሆነ፣ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጪ እንዲፈስ ያድርጉና ቱቦውን ወደ ሮቶው ያዙሩ። ስለ ክዳን ለድሬዳዋው ወንድማችን የጻፍኩት ለእርስዎም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ባቱ ላይ የሁለት ዓመት አቮካዶ አለኝ። በየቀኑ ከጉድጓድ ቀድቼ ግንዱ ሥር አንድ ባልዲ አፈስስለታለሁ፤ የቅጠሉ ጫፍ ግን እየነደደ ይደርቃል። ውኃ አንሶት ነው? — አንዲት አንባቢ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ እኔ የምጠረጥረው ጨዉን ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ውኃቸው ጨዋማ ነው፤ አቮካዶ ደግሞ ጨው ከማይችሉት ዛፎች አንዱ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲያጠጡት ውኃው ይተንና ጨው ብቻ በሥሩ ዙሪያ ይጠራቀማል። የአፈሩን ገጽ ይመልከቱ፤ ነጣ ያለ ቅርፊት ካለ ምክንያቱ እርሱ ነው። ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት በቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ እንጂ ግንዱ ሥር ስላልሆነ፣ በዚያ ዙሪያ ክብ ጎድጓዳ ይሥሩ፤ ግንዱ ጋ ያለው አፈር ከፍ ብሎ ይቆይ። የሰባቱን ቀን ባልዲ አጠራቅመው በሳምንት ሁለት ጊዜ አጥግበው ያጠጡት፣ እንጨቱንም ሰክተው ክንድ ያህል መርሱን ይመልከቱ። ዝናብ በጣለ ቀን ደግሞ የጣሪያውን ውኃ ከማንም በፊት ለእርሱ ይስጡት፤ ጨዉን ወደ ታች አጥቦ የሚያወርደው እንዲህ ያለ ንጹሕ ውኃ ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውኃ በጣም ተቸግረናል። በጓሮዬ የቆየ ጌሾ፣ ጽጌረዳ፣ አበባ የያዘ ቃሪያ፣ የደረሰ ሰላጣ፣ ከአሥር ቀን በፊት የተከልኩት የሽንኩርት ችግኝ አለ። ከቤተሰቡ የሚተርፈው በቀን አንድ ጀሪካን ነው። ሁሉም ከሚሞቱብኝ የቱን ልተው? — አንዲት እናት፣ ከጎንደር

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ያሳደጉትን ተክል መምረጥ ልብ የሚነካ ነገር ነው፤ ቢሆንም ጥያቄውን በጊዜ ማንሣትዎ ብዙውን ያድንልዎታል። ተክል ሁሉ በዕድሜው ውስጥ ጥምን የማይችልበት ወቅት አለው፤ ውኃውም መሄድ ያለበት በዚያ ወቅት ላይ ወዳለው ነው።

ጌሾው ዓመታት የቆየ ስለሆነ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ቅጠሉን ቢያራግፍም አይሞትም፣ ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። የማለቅለቂያ ውኃ ሲተርፍዎ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ጽጌረዳዋን ወደ ግማሽ ቁመቷ ይግረዟት፤ የምታጠጣው ቅጠል ሲቀንስ ጥሟም ይቀንሳል።

ቃሪያው ግን በጣም አስቸጋሪው ሰዓት ላይ ነው። አበባ ይዞ ከተጠማ አበባውን ያረግፋል፣ የወቅቱም ምርት አብሮ ይሄዳል። ከቀኑ ጀሪካን አብዛኛውን ለእርሱ ይስጡ፤ ለእያንዳንዱ እግር በየሦስት ቀኑ 2 ሊትር ያህል። ከክዳኑ ላይ በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ላስቲክ አፉን ወደ ታች ገልብጠው ሥሩ አጠገብ ቢቀብሩት፣ ቂጡንም ቆርጠው በዚያ ቢሞሉት፣ ውኃው ሳይባክን ቀስ እያለ ይሰርጋል። ፍሬው ቋጥሮ ጣት ካህለ በኋላ መጠኑን መቀነስ ይችላሉ።

ሽንኩርቱ ሥሩ አጭር ስለሆነ በትንሹም ቢሆን በየሁለት ቀኑ መጠጣት አለበት። ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ አንዱን መስመር ትተው ሌላውን ነቅለው በቅጠሉ ለወጥ ይጠቀሙበት፤ ለቀረው መስመር ከቆሎ ወይም ከጭድ የተረፈ ገለባ ያልብሱለት፣ ቀትር ላይም በአሮጌ ጆንያ ጥላ ይሥሩለት።

ሰላጣው ከሁሉ ይልቅ ውኃ ይጠጣል፣ ጥም ከያዘው ደግሞ ወዲያው ወደ አበባ ይሮጣል። ደርሷልና ምንም ውኃ አያውጡበት፤ ነገ ማለዳ፣ ቅጠሉ ገና በሌሊቱ ቅዝቃዜ ቀና እንዳለ፣ ሁሉንም ቆርጠው ለቤቱና ለጎረቤት ያካፍሉት፤ ጥቂት ቀን ከቆየ ይመራል።